በጎጃም የመድኃኒትና የቅመም ተክል ለማልማት የት ልኑር? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹን የሚያነሱት ጥቁር አዝሙድ፣ ድንብላል፣ አብሽ፣ ጌሾ፣ ሮዝመሪ፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ኮሰረትና መሰሎቻቸውን ለገበያ ለማምረት አስበው በምሥራቅ ጎጃም፣ በምዕራብ ጎጃም ወይም በአዊ የሚሰፍሩበትን ቀበሌ ገና ያልቆረጡ ሰዎች ናቸው። ስሌቱ ከአንድ ቃዳ እስከ አንድ ሄክታር ለሚያለማ ሰው ነው። አራት ቃዳ አንድ ሄክታር ነው፤ አንዱ ቃዳ 2,500 ካሬ ሜትር መሆኑ ነው።

ቦታ ስመርጥ መጀመሪያ ምኑን ልይ?

የመከሩን ወር። ብዙ ሰው ቦታ ሊያይ የሚወጣው በመስከረም፣ ሜዳው ሁሉ አደይ በለበሰበት ጊዜ ነው፤ በመስከረም ደግሞ ጎጃም ላይ መጥፎ ማሳ አይታይም። እነዚህ ተክሎች ከማሳ ይልቅ የሚበላሹት ሲታጨዱና ሲደርቁ ነው። ጥቁር አዝሙድ ሐምሌ ላይ ተዘርቶ ኅዳር ላይ ይደርሳል። ፍሬው ሊበስል ሲል ዝናቡ ካልወጣ ኮሮጆው ይጠቁርና ይሻግታል፤ ደርቆ ከቆየ ደግሞ ይፈነዳና ዘሩ መሬት ይቀራል። ሮዝመሪና በሶብላ ታጭደው ጥላ ያለው ማድረቂያ ካላገኙ በሁለት ቀን ይወይባሉ፣ ሽታቸውም ይሄዳል።

በጥቅሉ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዊ ሲኬድ ዝናቡ ቀድሞ ይገባል፣ ዘግይቶም ይወጣል። ወደ ምሥራቅ፣ ወደ እነማይና ሸበል በረንታ ሲኬድ ያጥራል። ስለዚህ ለዘር ቅመም (ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ድንብላል፣ አብሽ) ምሥራቁ ይሻላል እንላለን። ቅጠላቸው ለሚሸጥና ዓመቱን ሙሉ እርጥበት ለሚወዱ፣ እንደ ጌሾ ላሉት፣ ምዕራቡ ያዳላል። ይህ ግን መነሻ እንጂ ብይን አይደለም። በአንድ ቀበሌ ውስጥ እንኳ የኮረብታው ፊትና ጀርባ አይመሳሰሉም።

ከፍታው ምን ያህል ይወስናል?

ብዙውን። በየመቶ ሜትሩ መውጣት ሙቀቱን 0.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀንሰዋል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ናት፤ ደብረ ማርቆስ ወደ 2,450 ትጠጋለች፤ እንጅባራ ከ2,500 ታልፋለች። በባሕር ዳርና በእንጅባራ መካከል ከ4 ዲግሪ በላይ ልዩነት አለ ማለት ነው፤ ይህም በሶብላ ደህና ቅጠል ያወጣል ወይስ ቀጭጮ ይቀራል የሚለውን ለመወሰን ይበቃል። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ሲወርዱ ደግሞ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ2,400 ወደ 1,000 ሜትር አካባቢ ይደርሳሉ፤ ከላይ ጋቢ ለብሶ የተነሳ ሰው ድልድዩ ጋ ሸሚዙን ይፈታል።

በተግባር ሲከፋፈል እንዲህ ይሆናል። ከ1,500 እስከ 2,000 ሜትር ባለው ወይና ደጋ በሶብላ፣ ጠጅ ሳር፣ ኮሰረት፣ በርበሬና እርድ ይመቻቸዋል። ከ1,800 እስከ 2,400 ድረስ ጥቁር አዝሙድ፣ ድንብላል፣ አብሽ፣ ጌሾ፣ ሮዝመሪና ጤና አዳም ይሄዳሉ፤ አንድ ቦታ ብቻ ምረጥ የተባለ ሰው እዚህ ውስጥ ቢያተኩር ምርጫው ይሰፋለታል። ከ2,400 በላይ ነጭ ሽንኩርትና ተልባ ይሻላሉ። ጦስኝ የጮቄ ከፍታዎች ተክል ነው፤ ከዱር ሲለቀም ከነሥሩ መንቀል ተራራውን ያራቁተዋል፣ መታጨድ ያለበት ከመሬት ከፍ ብሎ ነው።

ስልክ ላይ ያለው የከፍታ መለኪያ በአሥር ሜትሮች ቢሳሳት ለዚህ ሥራ ችግር የለውም።

ደጋ ላይ ውርጭ እንዳይመታኝ የትኛውን ማሳ ልምረጥ?

ተዳፋቱን፣ ወገቡ ላይ። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ታች ይፈስሳል፤ ሌሊቱን ረባዳው ውስጥ ይጠራቀምና ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን እንደ ተቀቀለ ጎመን ያደርገዋል። ከማሳው በታች በኩል ጥቅጥቅ ያለ የባሕር ዛፍ አጥር ካለ ለውርጩ ግድብ ይሆነዋልና አየሩ የሚወጣበት ክፍተት ይተዉለት።

አፈሩን እንዴት አውቃለሁ?

ሁለት ነገር ይፈትሹ፤ ውሃውን ያሰርጋል ወይ፣ ኮምጣጣ ነው ወይ።

ለመጀመሪያው አካፋና ሦስት ጀሪካን ውሃ ይበቃል። ስፋቱም ጥልቀቱም 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ይቆፍሩ፣ ውሃ ሞልተው ሙሉ በሙሉ እንዲሰርግ ይተዉት። እንደገና ይሙሉና በሰዓት ስንት ሳንቲ ሜትር እንደወረደ በእንጨት ይለኩ። 5 አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው። ከ2.5 በታች ከሆነ ሮዝመሪና ጤና አዳም ክረምቱን አይሻገሩም፤ ሥራቸው ይበሰብሳል። የመጀመሪያውን ሙሌት መለካት ስህተት ነው፤ ደረቅ አፈር መጀመሪያ ላይ ማንኛውንም ውሃ ይጠጣል።

በቢቸናና በእነማይ በኩል የሚበዛው ጥቁር ዋልካ ይህን ፈተና ብዙ ጊዜ ይወድቃል። ይህ ማለት አይረባም ማለት አይደለም። ዋልካ የያዘውን ውሃ ቶሎ አይለቅም፤ አብሽና ድንብላል ዝናቡ ሊወጣ ሲል፣ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም፣ በቀሪው እርጥበት ላይ ተዘርተው ያለ መስኖ ይደርሳሉ። ቀድሞ መዝራት ካስፈለገ 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ተረተር፣ በመካከሉ 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ ይወጣለታል። ቦዩ መጨረሻው ላይ መውጫ ከሌለው ግን ተረተሩ ልፋት ብቻ ነው፤ ውሃው ወደ ጎረቤት ማሳ የሚፈስስ ከሆነም ጉዳዩ ሽማግሌ ፊት ይደርሳል። ከመከራየትዎ በፊት ከታች ያለው ማሳ የማን እንደሆነ፣ ውሃውስ እስከ ዛሬ በየት ይወርድ እንደነበር ይጠይቁ።

ሁለተኛው አሲዳማነት ነው። ዝናብ የሚበዛባቸው ቀይ አፈሮች፣ በተለይ በአዊና በጮቄ ዙሪያ፣ ካልሲየሙ ታጥቦ አሲዳማ ሆነዋል። ፒኤች (ሲያንስ አሲዱ መብዛቱን የሚያሳየው ልኬት) ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ሟሙቶ ሥር ያሳጥራል፣ ፎስፈረሱም አፈሩ ውስጥ ታስሮ ይቀራል፤ ማዳበሪያ ጨምረው ለውጥ ያላዩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ያጋጠማቸው ይኸው ነው። ናሙናው ሲወሰድ ማሳውን እየተመላለሱ ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ ከላይ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት በእኩል መጠን ይቆፈራል። በንጹሕ ባልዲ ይቀላቀልና አንድ ኪሎ ያህል ተወስዶ በጥላ ይደርቃል። የፍግ ጉድጓድ፣ የአጥር ሥር፣ የዛፍ ጥላና ከብት ያደረበት ቦታ አይካተቱም። ሚዛኑን የሚያስተው አብዛኛውን ጊዜ ፍግ ነው፤ ከጓሮ የተወሰደ ናሙና የማሳውን ችግር ይሸፍናል። ናሙናው ወዴት እንደሚላክ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያውቃል።

ውጤቱ አሲዳማ ነው ካለ መድኃኒቱ የግብርና ኖራ ነው፤ መጠኑ እንደ አፈሩ ቢለያይም በሄክታር ከ20 እስከ 40 ኩንታል የተለመደ ነው፤ ለአንድ ቃዳ ከ5 እስከ 10 ኩንታል ይሆናል። ከመዝራት አንድ ሁለት ወር አስቀድሞ ተበትኖ ይታረሳል። ዩሪያና ኖራ በአንድ ቀን አይበተኑም፤ ናይትሮጅኑ ወደ አየር ይተናል። 10 ኩንታል ኖራ መኪና ከማይገባበት ማሳ ማድረስ ማለት 20 የአህያ ጭነት ነውና የቦታ ምርጫው ላይ ይህንንም ይደምሩ።

ውሃ ስንት ያስፈልገኛል?

በበጋ አንድ ሙሉ ቅጠል የለበሰ ማሳ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይጠጣል። አንድ ሚሊ ሜትር በካሬ ሜትር አንድ ሊትር ስለሆነ ለአንድ ቃዳ በቀን 12,500 ሊትር ይመጣል። በ20 ሊትር ጀሪካን ሲቆጠር 625 ጀሪካን ነው። ይህን ስሌት ሳይሠሩ «ወንዙ ቅርብ ነው» ብለው የገቡ ሰዎች ጥር ላይ የሚያጠጡት ሩቡን ብቻ ይሆናል። ጠብታ መስኖ ብክነቱን ይቀንሳል፤ የተክሉን ጥም ግን አይቀንስም።

የእጅ ጉድጓድ ያለው ቦታ ሲታይ የውሃው ጥልቀት አያታልልዎ። የሚለካው አሞላሉ ነው፤ ያም በሚያዝያ። ጉድጓዱን በሞተር ወይም በባልዲ ያውርዱና በስንት ሰዓት እንደሚመለስ ይመዝግቡ። አፉ 1.2 ሜትር የሆነ ጉድጓድ አንድ ሜትር ሲሞላ 1,130 ሊትር ያህል ነው። ሌሊቱን ሁለት ሜትር የሚመለስ ከሆነ በቀን ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሊትር ሊጠበቅ ይችላል፤ ለአንድ ቃዳ አይበቃም፣ ለችግኝ ጣቢያና ለማጠቢያ ግን ጥሩ ነው።

ስለ ውሃ ሞተር አንድ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ሻጩ የሚነግርዎት ጉልበት በባሕር ጠለል ላይ የተለካ ነው። የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከ3 በመቶ በላይ ጉልበት ያጣል፤ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ሲደርስ ከሩብ በላይ ቀንሷል። መምጠጡም እንዲሁ ነው። የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ቆላ ላይ 7 ሜትር የሚመጥጥ ሞተር ደጋ ላይ ከ5 ሜትር በላይ መጠበቅ የለበትም። ውሃው ከዚያ ከጠለቀ ሞተሩ ተበላሽቷል ብለው መካኒክ ከመጥራት ደረጃ ቆፍረው ሞተሩን ወደ ውሃው ማውረድ ነው፤ ጭሱ ጉድጓድ ውስጥ እንዳይታፈን ግን ይጠንቀቁ፣ ሰው ይገድላል።

የመስኖ ቀጣና ውስጥ መኖር ይህን ሁሉ ያቀልለዋል። መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያጠጣ የተሠራ ነው። እዚያ ጥያቄው ውሃ አለ ወይ ሳይሆን ተራዎ መቼ ነው፣ ከቦዩስ መጨረሻ ላይ ነዎት ወይ የሚለው ነው። በየትኛውም ቦይ ጭራው ላይ ያለ ማሳ ውሃው ሲያንስ የመጀመሪያው ተጎጂ ነው።

ጎረቤቶቼ ጤፍና ስንዴ ዘሪዎች ቢሆኑስ?

ጎጃም ነውና ይሆናሉ። ችግሩ ጤፉ ሳይሆን ለጤፉ የሚረጨው ቱ ፎር ዲ ነው። ይህ ፀረ አረም ሣር ነክ ሰብሎችን አይነካም፤ ሰፊ ቅጠል ያላቸውን ሁሉ ይገድላል፤ የእርስዎ ጥቁር አዝሙድ፣ ድንብላል፣ በሶብላ፣ ሁሉም ከዚያ ወገን ናቸው። ነፋስ ሲኖር ጠብታው ድንበር ይሻገራል፤ አንዳንዱ ዓይነት ደግሞ በሞቃት ቀን ከተረጨ በኋላም ይተንና ይንሳፈፋል።

ምልክቱ አይሳሳትም። በጥቂት ቀን ውስጥ አናቱ ያለው ለጋ ቅጠል እንደ ማንኪያ ይጎደጉዳል፣ ግንዱ እንደ ገመድ ይጠማዘዛል፣ ጉዳቱም በድንበሩ በኩል በርትቶ ወደ ውስጥ ሲገቡ ይቀንሳል። በሽታ ቢሆን በየቦታው ነጥብ ነጥብ ብሎ ይታይ ነበር። የተጎዳ ቅጠል ለሽያጭ አይቀርብም፤ የመድኃኒት ተክል ገዢ ኬሚካል ካገኘበት ጆንያውን ብቻ ሳይሆን አምራቹንም ነው የሚመልሰው።

መላው ከመስፈር በፊት የሚሠራ ነው። የክረምቱ ነፋስ በብዛት ከየት እንደሚነፍስ የአገሩን ሰው ጠይቀው ነፋሱ ከእርስዎ ወደ ጎረቤት የሚያልፍበትን ማሳ ይምረጡ፣ ድንበሩ ላይ በቆሎ ወይም ማሽላ አምስት ስድስት መስመር ይዝሩ። ከጎረቤቶች ጋር ደግሞ ሰኔ ሳይገባ ይነጋገሩ። «አትርጩ» ማለት አያዋጣም፣ አይሰማምም፤ «ስትረጩ ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ፣ አንድ ቀን ቀድማችሁም ንገሩኝ» ቢሉ ግን እምቢ የሚል ጥቂት ነው። ማኅበሩ ላይ ወይም ከቤተ ክርስቲያን መልስ የተያዘ ቃል ከወረቀት ይጸናል።

ከብትም አለ። ታኅሣሥ ላይ ሰብል ተነስቶ ማሳው ሲለቀቅ ከብቱ በሙሉ ይሰማራል። ሮዝመሪን ከብት አይበላውም፣ ግን ይረግጠዋል። አጥር የማይታጠርበት አገር ከሆነ ቋሚ ተክል ጓሮ ውስጥ ብቻ ይያዝ።

ከተማ ቤት ተከራይቼ እየተመላለስኩ ባለማስ?

ለዘር ቅመም ይቻላል፤ ዘርቶ፣ ሁለቴ አርሞ፣ ማጨድ ነው። ቅጠሉ ለሚሸጥ ተክል ግን ማድረቂያው ካለበት በእግር ከአሥር ደቂቃ በላይ መራቅን አንመክርም። ቅጠል ጠዋት ጤዛው እንደረገፈ ታጭዶ ፀሐይ ሳትከር ጥላ መግባት አለበት። ከተከመረ በራሱ ይግላል፤ እጅዎን ክምሩ ውስጥ ሲያስገቡ ለብ ካለ ሽታው መበላሸት ጀምሯል። በአይሱዙ ጀርባ ሦስት ሰዓት ተጭኖ የመጣ በሶብላ ጥቁር ሆኖ ነው የሚደርሰው።

ማድረቂያውን እንዲህ ያስሉት። 100 ኪሎ እርጥብ ሮዝመሪ 70 ኪሎ ያህሉ ውሃ ነው፤ እርጥበቱ 10 በመቶ እስኪሆን ሲደርቅ 33 ኪሎ ገደማ ይቀራል። በአንድ ካሬ ሜትር አልጋ ላይ ከሁለት ተኩል ኪሎ በላይ እርጥብ ቅጠል መሰጣት የለበትም፤ ለ100 ኪሎ 40 ካሬ ሜትር ይፈልጋል። ይህ በአንድ ወለል ሰፊ ቤት ይመስላል፤ አራት ደርብ ቆጥ ሲሆን ግን 10 ካሬ ሜትር ላይ ያርፋል። ቆጡን ከቀርቀሃ መሥራት እንጅባራና አካባቢዋ ላይ ከጣውላ ይረክሳል፤ በየደርቡ መካከል 40 ሳንቲ ሜትር ይተዉ፣ ላዩን በወንፊት ሽቦ ወይም በንጹሕ አቡጀዲ ያልብሱት። ግድግዳው ግማሽ ድረስ ክፍት ይሁን። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ በቀትር ከሥሩ ያለው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፍና ዘይቱን ያተንነዋልና ከቆርቆሮው ሥር የሣር ወይም የሰሌን ኮርኒስ ያስፈልጋል። መድረቁ የሚታወቀው ቅጠሉ ሲፈረፈር ሳይሆን አገዳው ቀጭ ብሎ ሲሰበር ነው፤ ቅጠሉ ይቀድማል፣ አገዳው እርጥበቱን ይዞ ጆንያ ውስጥ መልሶ ያሻግተዋል።

ቤት ሲያዩ ስለዚህ ከመኝታ ክፍሉ በፊት ይህ ቆጥ የት እንደሚቆም ይዩ። ማድቤቱ ከጎኑ ከሆነ ጭሱ ይገባበታል፤ በረት ከሆነ ሽታውና አቧራው። ጭስ የጠጣ ጤና አዳም ለቡና እንኳ አይሆንም።

መሬቱን በምን ውል ልያዝ?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ ስለዚህ «መሬት ልሽጥልህ» ያለዎትን ሰው ይተዉት። የሚቻለው ኪራይ ወይም የእኩል ማረስ ነው። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ የይዞታ ደብተሩ ላይ ባልና ሚስት ካሉ ሁለቱም ይፈርሙ፤ በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤትም ይመዝገብ። ባልየው ብቻ ፈርሞ የተዘራ ማሳ በመከር ሰሞን የሚነሳበት ክርክር የተለመደ ነው።

ጌሾና ሮዝመሪ ለዓመታት የሚቆዩ ስለሆኑ የአንድ ዓመት ውል አይገጥማቸውም። በውሉ ማብቂያ ተክሉ የማን እንደሚሆን፣ ነቅሎ መውሰድ ይቻል እንደሆነ፣ ግምቱም እንዴት እንደሚወጣ ይጻፍ። የእኩል የሚሠራ ከሆነ «እኩል» የሚባለው እርጥቡ ነው ወይስ የደረቀው? ከ100 ኪሎ 33 የሚቀርበት ተክል ላይ ይህ ሳይነገር የተዋዋሉ ወዳጆች ይቃቃራሉ።

ውጭ አገር በፈቃድ ካናቢስ ለመድኃኒት የሚያለሙ አሉ። እኛስ ዘንድ?

የለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅን ያለ ልዩ ፈቃድ መትከልን፣ ማምረትን፣ መያዝንና ማዘዋወርን ይቀጣል፤ ለገበሬ የሚሰጥ የካናቢስ ልማት ፈቃድም የለም። ሌሶቶ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ዚምባብዌም በ2018 ለሕክምና ለማምረት ፈቃድ መስጠት መጀመራቸው እዚህ ምንም አይለውጥም። ሌሶቶ እንደ ጎጃም ከፍታ ላይ ያለች አገር መሆኗን አይተው «አየሩ አንድ ነው» የሚሉ አሉ። አየሩ አንድ ቢሆንም ሕጉ አንድ አይደለም። ሕጋዊ በሆነበት አገርም አምራቹ የሚኖርበትን እንደልቡ አይመርጥም፤ ፈቃዱ የሚሰጠው ለተወሰነ፣ ለታጠረና ለሚጠበቅ ቦታ ነው።

ስሙም ራሱ ያምታታል። «ዕፀ ፋሪስ» ሲባል አንዳንዱ ካናቢስን ማለቱ ነው፤ ሌላው ደግሞ በየፍግ ክምሩ ሥር የሚበቅለውን፣ ነጭ መለከት የመሰለ አበባና እሾሃም ፍሬ ያለውን አስተናግርን። ለቅመም አምራች የሚያሳስበው ይህ ሁለተኛው ነው። ዘሩ ጥቁር ቡኒ፣ ጠፍጣፋ፣ ኩላሊት የመሰለ፣ ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ከጥቁር አዝሙድ ጋር ከተወቃ በዓይን መለየት ይቸግራል፤ መርዛማም ነው። ጥቁር አዝሙድ ማዕዘን አለው፣ ሲፈተግ ይሸትታል፤ የአስተናግር ዘር ክብ ጠርዝ አለው፣ መልካም ሽታም የለውም። አሮጌ በረት የነበረበትን ማሳ ከመረጡ አስተናግር ይጠብቁ፤ ከማበቡ በፊት ይነቀል።

ያመረትኩትን «መድኃኒት» ብዬ መሸጥ እችላለሁ?

ደረቅ ቅጠልና ዘርን በቅመምነት ወይም በጥሬ ዕቃነት መሸጥ አንድ ነገር ነው፤ «ይህ ለጨጓራ፣ ያ ለስኳር» ብሎ አሽጎ መሸጥ ሌላ። የኋለኛው በ1112/2011 አዋጅ መሠረት የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚቆጣጠረው ነው። ዘር ወይም ችግኝ ለምርምር ወደ ውጭ ላውጣ የሚል ካለ ደግሞ የጄኔቲክ ሀብት አዋጅ 482/1998 አለና የኢትዮጵያ የብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ፈቃድ ይጠይቃል።

ጤና አዳምን ለሚያጭዱ ሠራተኞች አንድ ነገር ይንገሩ። ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ቃጠሎ ያቆስላል፤ ደጋ ላይ ፀሐዩ ይበልጥ ያነድዳል። እጅጌው ረጅም ሸሚዝና ጓንት ይልበሱ፤ ሌላው ቅጠል ጠዋት ቢታጨድም የዚህ አጨዳ አመሻሽ ላይ ይሁን። ነፍሰ ጡር ሴት በዚህ ሥራ ላይ አትመደብ።

ወባ ያለበት ቦታ መኖር ግድ ቢሆንብኝስ?

ከ2,000 ሜትር በታች፣ በተለይ ጣና ዳርና መስኖ አጠገብ፣ ወባው የሚበረታው ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ልክ በመከሩ ነው። በአባይ ሸለቆ አፋፍ ያሉ ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ ቤታቸውን ደጋው ላይ አድርገው ቆላ ወርደው ያርሳሉ። ለዘር ቅመም ይህ ዘዴ ዛሬም ይሠራል። ከማሳው ርቀው ቢያድሩም ዝንጀሮ እነዚህን ተክሎች እንደ በቆሎ አይደፍራቸውም።

ዝንጅብልስ?

ለጀማሪ አይሆንም። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የአገሪቱን ዝንጅብል የመታው በባክቴሪያ የሚመጣ አጠውልግ አፈር ውስጥ ይቆያል፤ በዘሩም ይተላለፋል። ንጹሕነቱ የተረጋገጠ ዘር ካልተገኘ እርድ ይተኩ።

ገበያና መንገድ ቦታውን እንዴት ይወስኑታል?

ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ባሕር ዳር ለመድረስ በቡሬና በእንጅባራ በኩል 260 ያህል ይቀራል። በዚህ አስፋልት ግራና ቀኝ መኖር ጆንያ በቀላሉ ያስጭናል። ወሳኙ ግን ከማሳው እስከ አስፋልቱ ያለው ጥርጊያ ነው፤ ዋልካ ላይ ከሰኔ እስከ መስከረም ባጃጅም አይሠራም። መንገድ በማንኛውም ምክንያት ለሳምንታት ሊዘጋ ይችላል ብለው ያቅዱ። እርጥብ ሽጦ ለማደር ያሰበ ሰው ያን ጊዜ ይከስራል፤ እርጥበቱን ከ10 በመቶ በታች አድርጎ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳም አንድ ክንድ አርቆ ያስቀመጠ ግን ወራት ይታገሣል። በርበሬና ድንብላል እርጥበት ይዘው ከተከማቹ የሻጋታ መርዝ ያበጃሉ፤ ማጠብም መልሶ ማድረቅም አያወጣውም።

ጌሾ የሚያለማ ሰው ገዢው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይወቅ። ጠላ ጠማቂዋ ቅጠሉን፣ ጠጅ ጣዩ እንጨቱን ይፈልጋሉ፤ አጨዳውም እንደዚያው ይለያያል።

ከመወሰኔ በፊት ቦታውን ስንት ጊዜ ልየው?

ሦስት ጊዜ። ነሐሴ ላይ፣ ከዝናብ ማግስት ጠዋት፣ ማሳው ውስጥ ውሃ የተኛበትን ለማየት፤ ቦት ጫማ ይዘው ይሂዱ። በጥቅምት መጨረሻ፣ ዝናቡ መውጣቱንና ጎረቤቶች ሰብላቸውን እንዴት እንደሚያደርቁ ለማየት። በሚያዝያ፣ ጉድጓዱን ለመለካት። ሦስቱንም ካልቻሉ ከሦስቱ ጥቅምትን አይተዉ። የሚያድሩበትን ቤት ባለቤት ባለፈው ዓመት በርበሬያቸውን የት እንዳሰጡት ይጠይቋቸው። ፊት ለፊት ያለውን አለት ወይም ጣሪያውን በእጃቸው ካሳዩዎት ደህና ነው። «አይ ልጄ፣ ዘንድሮስ እሳት ዳር ነው ያደረቅነው» ካሉዎት ለዘር ቅመም ሌላ ቀበሌ ይፈልጉ፤ ለጌሾ ግን እዚያው ይቀመጡ።